ሰላ ድንጋይ ላይ የተነፋ ታንኳ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ጠላው ይቀዳ፣ በሩም ገርበብ ይበል፤ የሰላ ድንጋይ ብርድ እንግዳ አይል፣ ባለቤት አይል። የዛሬው ወጋችን የታንኳ ነገር ነው። «በደጋ የምን ታንኳ?» የሚል ካለ አልቀየመውም። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ወሩ ጥቅምት ነው። የእህቴ ልጅ ከ7 ዓመት በኋላ ከውጭ አገር መጣ። በግ ታረደ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ማታ ደግሞ ሻንጣ መፍታት ሆነ። አውሮፕላኑ የፈቀደለት 2 ሻንጣ፣ ለእያንዳንዱም 23 ኪሎ ነው። አንደኛው እንደ ወጉ ነው፤ የእናት ጫማ፣ የአባት ካፖርት፣ የሕፃናት ከረሜላ። ከሁለተኛው ግን ጥቅልል ያለ ሰማያዊ ሸራ ብቻ ወጣ። እህቴ ዳበሰችው፣ አገላበጠችው።

«ድንኳን ነው የኔ ልጅ? ገና ሳልሞት የተዝካሬን ድንኳን አመጣህልኝ?»

«ታንኳ ነው እማዬ። የሚነፋ ታንኳ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከምድጃው አጠገብ በርኖሳቸውን ተከናንበው የተቀመጡ የጎረቤት ሽማግሌ አሉን፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣

«ጎሽ። ባሕሩን እዚያው ረስቶ ታንኳውን ይዞ መጣ» አሉ።

የዚያን ቀን የሳቅነው ሳቅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ዘረጋው። ዕቃውን በእጄ ነክቼ ስላየሁት ልንገራችሁ። ርዝመቱ 2 ሰው ተጋድሞ ይሞላዋል። ግራና ቀኙ እንደ ሙክት ወገብ የወፈሩ ቱቦዎች ናቸው፤ ወለሉም ለብቻው ይነፋል። አየሩ በ3 ተከፍሎ ነው የሚገባው፤ አንዱ ቢፈነዳ ሁለቱ ሰውን ይዘው እንዲቆዩ። መንፊያው በእግር የሚረገጥ ነው። የሰፈሩ ልጆች ወረፋ ይዘው ረገጡት። ሸራው መጀመሪያ ተንፈራፈረ፣ ቀጥሎ ሆዱን ነፋ፣ በመጨረሻም ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ ውሻው እየጮኸ ወደ ጓሮ ሸሸ። ጋሼ መጥተው በዱላቸው ጫፍ መታ መታ ሲያደርጉት እንደ ከበሮ ድም አለ።

«ይሄማ ስልቻ ነው!» አሉ።

ሳቅን እንጂ ነገሩስ ልክ ነው። ስልቻ እንዴት እንደሚወጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ፍየሉ ሲገፈፍ ሆዱ አይቀደድም፤ ቆዳው እንደ ካልሲ ተገልብጦ ሙሉውን ይወጣል። ከዚያ ለፍቶ፣ እግሮቹ ታስረው፣ አንገቱ አፍ ይሆናል። እህል ቢጭኑበት ስልቻ ነው፤ አየር ቢሞሉበት ደግሞ ተንሳፋፊ ነው። በዓባይ በረሃ የሚኖር ሰው ስልቻ ነፍቶ፣ ልብሱን አናቱ ላይ ጠቅልሎ፣ ደረቱን አስደግፎ ሲሻገር ኖሯል። ይህ የእኛ ብቻ ጥበብ አይደለም። ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከአሦር ነገሥታት ከተማ ከኒምሩድ የተወሰደ የድንጋይ ቅርጽ አለ፤ ዕድሜው ከ2,800 ዓመት ያልፋል። በላዩ ላይ ሰዎች የተነፋ የፍየል ቆዳ አቅፈው ወንዝ ሲያቋርጡ ተቀርጸዋል። እንግዲህ የእህቴ ልጅ በሻንጣ ያመጣልን አዲስ ነገር ምን ያህል አዲስ እንደሆነ ፍረዱ።

አዲሱ ጎማው ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ላስቲክን ከድኝ ጋር አብስሎ በብርድ የማይሰነጠቅ፣ በፀሐይ የማይቀልጥ ጎማ ማድረግን የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው በ1840ዎቹ፣ ፒተር ሃልኬት የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ካባ የሆነ ጀልባ ሠራ። ሲለብሱት ካባ፣ ሲነፉት ጀልባ፤ ጃንጥላው ደግሞ ሸራ ይሆናል! ጋሼ ይህን ስነግራቸው በርኖሳቸውን ገለጥ አድርገው ውስጡን አዩት። «ይሄንንስ ቢነፉት?» አሉ።

ያ ዘመን ለእኛም ሩቅ አይደለም። መጋቢት 1834 ዓ.ም. ክራፕፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ከአንኮበር ወጥቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ያለፈው በዚችው በሰላ ድንጋይ ነው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የዘነበወርቅ መቀመጫ እዚህ ነበረና እጅ ሳይነሡ ማለፍ አይቻልም። ሰውየው በበቅሎ ነው የመጣው። በዚህ አገር ላይ ከበቅሎ ሌላ ምን አለ? ይህችን በቅሎ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሰላ ድንጋይ ባሕር የላትም እንጂ ውሃዋስ ሩቅ አሳቢ ነው። ጣርማ በር ላይ፣ ጣልያን ዋሻውን በፈለፈለበት ተራራ ጫፍ ቁሙ። በምሥራቅ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በምዕራብ በኩል የወረደው የእኛው ነው። ገደል ገደሉን ወርዶ ጀማ፣ ከጀማ ዓባይ፣ ከዓባይ ሱዳን፣ ከሱዳን ግብፅ። የጣራችን ጠብታ እንኳ ታንኳ ሳያስፈልገው ሜዲትራኒያን ይደርሳል።

ማታ እሳት ከበን ሳለን ጋሼ ልጁን አፋጠጡት።

«እስቲ ንገረኝ፤ ይሄን የመሰለ ፊኛ ይዞ ዓባይን የደፈረ አለ?»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ይህን ወሬ ስለምወደው ተቀበልኩት። እናንተም ስሙት።

መጀመሪያ የደፈሩት በብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1903፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማለት ነው፣ ማክሚላን የሚባል አሜሪካዊ ባለጸጋ የብረት ጀልባ አሠርቶ ዓባይን ሊወርድ ተነሣ። ጀልባው ውሃ ከነካ በኋላ ሩቅ አልሄደም፤ ዓለት ላይ ተሰባበረና ጉዞው እዚያው አበቃ። ብረት ጠንካራ ነው ይባላል። ዓለት ግን የበለጠ ጠንካራ ነው፤ ሁለት ጠንካሮች ሲጋጩ አንዱ መሰበሩ አይቀርም። ከዚያ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን መጣ። እሱ ጀልባውን ተወውና እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ በእግርና በበቅሎ የገደሉን ጠርዝ እየተከተለ ዓባይን በካርታ ላይ አሰፈረ። ብልህ ሰው! እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ከአውሮፓ የመጡ ሰዎች በታንኳ ወረዱና ሌሊት ሽፍታ ተኩስ ከፈተባቸው፤ 2 ሰዎች እዚያው ሞቱ። ለጥይት ጠንካራውም ታንኳ ለስላሳውም አንድ ነው።

የተነፋው ጀልባ ዘመን የጀመረው በ1960 ዓ.ም. ክረምት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋባዥነት የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ የሆነው ሻምበል ጆን ብላሽፎርድ ስኔል እንግሊዛውያንና ኢትዮጵያውያን የተቀላቀሉበት ትልቅ ቡድን ይዞ መጣ። ለዘመቻው ዴይሊ ቴሌግራፍ የሚባለው ጋዜጣ አግዟል። ከሸፈርታክ ድልድይ በታች ያለውን ሰፊውን ውሃ በሞተር ጀልባ ወረዱት። ችግሩ ከላይ ነው፤ ከጣና እስከ ሸፈርታክ። እዚያ ዓባይ ወንዝ አይደለም፤ ገደል ውስጥ የተለቀቀ ኮርማ ነው። ለዚህ የመረጡት በሮጀር ቻፕማን የሚመራ አነስተኛ ቡድንና አቮን የሚባለው የዌልስ ፋብሪካ የሠራቸውን በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ነው። ከጀልባዎቹ ሦስቱን እምነት፣ ተስፋና ፍቅር ብለው ሰየሟቸው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ አማተቡ።

«ለውሃ ሲሄዱ ነው የጳውሎስን መልእክት ያስታወሱት?»

ታዲያ ለስላሳነቱ እዚያ ላይ ለየ። የተነፋ ጀልባ ዓለት ሲመታ አይሰበርም፤ ይነጥራል። ጠባቡ ላይ ይጨመቃል፣ ማዕበሉ ላይ ወገቡን ያጥፋል፣ ቢገለበጥ እንኳ አይሰጥምና ሰው ጥርሱን ነክሶ ይንጠለጠልበታል። ማለፍ ካቃታቸው ደግሞ ከውሃ አውጥቶ በትከሻ መሸከም አለ። ብረት ቢሆን ማን ይሸከመዋል?

ዕዳውም ያን ያህል ነው። የዚያን ጊዜዎቹ ጀልባዎች የገባባቸውን ውሃ የሚያስወጣ ወለል አልነበራቸውም፤ እንደዚያ ዓይነቱ የመጣው ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አንድ ማዕበል ከገባ ጀልባው ገንዳ ይሆናል፤ ገንዳ ደግሞ አይታዘዝም። አንዱ ይቀዝፋል፣ ሌላው በባልዲ ይጨልፋል። በቀላሉ ይነጥራል ያልኩት ነገር ሰውንም ያነጥራል፤ ለጋዜጣው ፎቶ ያነሣ የነበረው ስመ ጥሩ ተራራ ወጪ ክሪስ ቦኒንግተን ከጀልባ ወድቆ ለጥቂት ነው የተረፈው። ተራራ ያልገደለውን ሰው ውሃ ሊገድለው! ኢያን ማክላውድ የሚባለው ወታደር ግን አልተረፈም። እሱን የወሰደው ታላቁ ዓባይ እንኳ አይደለም፤ የዓባይ ገባር ነው፣ ያውም ሊሻገር ሲል። ጋሼ እዚህ ላይ ዝም አሉ። በእኛ አገር በክረምት የሚሞተውም እንደዚሁ ነው፤ ገባሩ ላይ፣ ሲሻገር።

እንግሊዞቹ «አረፋ በሚደፍቅ ነጭ ውሃ ላይ በጎማ ጀልባ መውረድን ለዓለም ያስተማርን እኛ ነን፤ ትምህርት ቤቱም ዓባይ ነው» ማለት ይወዳሉ። ይሄ ትንሽ ተጋንኗል። አሜሪካኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጦሩ የጣለውን የጎማ ጀልባ እየገዙ ኮሎራዶ ወንዝ ላይ ቱሪስት ሲያወርዱ ቆይተዋል። ዓባይ ግን ከኮሎራዶ የከፋ ፈታኝ እንደሆነ እኔ እመሰክራለሁ፤ ወገናዊ ነህ ብትሉኝም።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ላሳልፈው። እ.ኤ.አ. በ1972 ማይክ ጆንስና ጓደኞቹ በተነፋው ሳይሆን በፋይበርግላስ ካያክ ዓባይን ወረዱ። ጠንካራው ታንኳ እንደ ዓሣ ይዞራል፣ ቀዛፊው የፈለገበት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ የአንድ ሳምንት ስንቅ መጫን ግን አይችልም። በቀጣዩ ዓመት ሪቻርድ ባንግስ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ከጓደኞቹ ጋር አዋሽንና ኦሞን በጎማ ጀልባ ወረደ። ድርጅታቸውን ሶቤክ አሉት፤ የጥንት ግብፆች የአዞ አምላክ ስም ነው። እንዲያው ያለ ነገር አልሰየሙትም፤ ኦሞ ላይ አዞና ጉማሬ መንገዱን ይዘው ነበርና ጀልባ ውስጥ የሚወረወር ድንጋይ ክምር ይዘው ነው የሚሄዱት። የጎማ ጀልባ ዓለትን ይችላል፣ ጥርስን ግን አይችልም። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ደግሞ ከምንጩ ተነሥተው 5,230 ኪሎ ሜትር ተጉዘው በ114ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ እስክንድርያ ባሕር ዳርቻ ላይ ደረሱ።

ይህን ሁሉ ስል ጋሼ እንደ ማንቀላፋት ብለው ነበር። እኔ ግን የምወደውን ታሪክ ለመጨረሻ ነው ያስቀመጥኩት።

በሞጣ በኩል፣ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ የፋሲል ዘመን ድልድይ አለ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር መካከሉ ተሰብሮ ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ጠላት ሄደ፣ ስብራቱ ቀረ። ሰው ምን ያድርግ? ወዲህ ማዶ ጥቂት ጎልማሶች፣ ወዲያ ማዶ ጥቂት ጎልማሶች ገመድ ይዘው ይቆማሉ። መሻገር የፈለገ ወገቡን ይታሰርና ከዓባይ በላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ነጋዴውም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ በሽተኛውም እንደዚያው። ይህ ለ60 ዓመት ያህል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1999 ናሽናል ጂኦግራፊክ የላካቸው ሰዎች በጎማ ጀልባ ከጣና ሲወርዱ በድልድዩ ሥር አለፉ። ፎቶ አንሺዋ ኔቫዳ ዊር ያን በገመድ የሚጎተት ሰው አነሣችው። ፎቶው መጽሔት ላይ ወጣ። መጽሔቱን ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ አየው። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባል ድርጅት አቋቋመ፤ በዓመቱም ስሚንቶው በአህያ ተጭኖ ገደል ወረደና ስብራቱ ተገጠመ። ጥገናውን ጎርፍ መልሶ ሲወስደው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። ድርጅቱም ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የእግረኛ ድልድይ ሲሠራ ኖረ።

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ፤ አልተኙም ኖሯል።

«እንግዲያስ» አሉ፣ «የታንኳው ትልቁ ጥቅም ድልድይ መጥራቱ ነው።»

ከዚህ የተሻለ ፍርድ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ጠዋት ስንነሣ ግቢው ውስጥ ጉድ ተፈጥሯል። ማታ እንደ ከበሮ ድም ይል የነበረው ታንኳ ሌሊቱን ልፍስፍስ ብሎ አድሯል። እህቴ «ቡዳ በላው» አለች። የሰፈሩ ልጆች እርስ በርስ ተካሰሱ። የእህቴ ልጅ ግን አልደነገጠም፤ ተበስቶ ሳይሆን ቀዝቅዞ ነው። አየር ሲበርደው ይኮማተራል፣ ሲሞቀው ይነፋል። የሰላ ድንጋይ የጥቅምት ውርጭ ደግሞ ታውቁታላችሁ። የዚህ ተቃራኒው ነው የሚያስፈራው። በጠዋት በብርዱ ጠብቆ የተነፋ ታንኳ በቀትር ቆላ ላይ፣ ትኩስ አሸዋ ላይ ቢተውት ስፌቱ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ቀትር ላይ አየር ማስተንፈስ፣ ማታ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። የብረት ጀልባ እንዲህ ዓይነት ጠባይ የለውም። የተነፋ ታንኳ እንደ ሕፃን ነው፤ ሲበርደው ታለቅሳለህ፣ ሲሞቀው ትደነግጣለህ።

ሐይቅ ላይ ያለውን ችግርም ልጁ ራሱ አልሸሸገንም። ከውሃው በላይ እንደ ቅል ስለሚቀመጥ ነፋስ እንደፈለገ ይገፋዋል። ጣና ላይ ከቀትር በኋላ ያለውን ነፋስ ያየ ይህን ይረዳል። የጣና ደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ካላደረቁትም ይበሰብሳል፣ ዕድሜውም አጭር ነው፤ ግን እሾህ አይፈራም፣ ነፋስም እንደ ላባ አያንከባልለውም፣ ዋጋውም የአንድ ሰው ጉልበት ነው። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። ከሸፈርታክ በታች ያለው ዓባይ ከፊሉ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በሕዳሴው ግድብ ምክንያት ንጋት ሐይቅ ሆኗል። የኦሞም ገደል ከጊቤ 3 ግድብ ወዲህ እንደዚሁ ነው። ለማዕበል የተሠራው የጎማ ጀልባ በተኛ ውሃ ላይ ዘገምተኛ ነው፤ እዚያ የሚያስፈልገው ቀጭንና ጠንካራ ጀልባ ነው።

እንግዲህ ወረድን። በቅሎዋን ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው፤ ለእኛ የተገኘችው አህያ ብትሆንም። ከሰላ ድንጋይ አፋፍ ወደ ጀማ ከሚገቡት ወንዞች አንዱ ጋ ለመድረስ 5 ሰዓት ቁልቁል ነው። ገብሱ አለቀ፣ ማሽላው ጀመረ፤ ካፖርት ተወለቀ፣ ቀጥሎ ሹራብ ተወለቀ። አህያዋ ታንኳውን ከነመንፊያው፣ ከነመቅዘፊያው ጭና ምንም አልመሰላትም፤ 15 ኪሎ ለእሷ ምኗ ነው? በዚያ መንገድ የእንጨት ጀልባ አውርዱ ብባል ከነነፍሴ አልወርድም። በዚህ አገር ጀልባን የሚፈትነው ውሃው ሳይሆን ወደ ውሃው የሚወስደው ቁልቁለት ነው። ይህን የምለው ጉልበቴ ሳምንት ሙሉ ስላስታወሰኝ ነው።

ወንዙ የክረምት ቁጣው በርዶለት፣ 150 እርምጃ ያህል የተኛ ባሕር ሠርቶ ጠበቀን። ነፋነው። ልጁ ተቀምጦ ወዲህ ወዲያ ሲል የቆላ ሰው ከየማሽላው ውስጥ ብቅ ብቅ አለ። ማንም ሳይጠራት አንዲት እናት ማድጋና ስልቻ የተሸከመች መጥታ ውሃው ጠርዝ ላይ ቆመች።

«የኔ ልጅ፣ ከነሸክሜ ታሻግረኛለህ?»

ልጁ ደነገጠ። እሱ ያመጣው ለመዝናኛ ነው። «ይቀመጡ እማማ» አላት። ስልቻዋን እግሯ ሥር አድርጋ፣ ማድጋዋን አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ተሻገረች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በእግር ቢሆን የሚሻገሩበት መልካ ድረስ ሽቅብ አንድ ሰዓት ይሄዳሉ አሉ። ማዶ ደርሳ ዓይኗን ስትገልጥ «ቅዱስ ሚካኤል ያሻግርህ!» ብላ መረቀችው። ከዚያ ወረፋ ሆነ። 9 ሰው አሻገረ፤ አሥረኛው ላይ አንድ ጎልማሳ አህያ እየነዳ ደረሰ።

«እኔንስ አሻገርከኝ፤ አህያዬስ?» አለው።

ታንኳው መልስ አልነበረውም።

ጥፋቱን የሠራነው እኛ ነን። ሲመሽ ቸኮልንና ታንኳውን አንሥተን በመሸከም ፈንታ ዳርቻው ላይ ጎተትነው። የግራር እሾህ በቀኝ በኩል ገባ። ጢስስስ አለ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እንዳልኳችሁ ሁለቱ ክፍሎች ይዘው ቆሙ፤ ባይበሳማ ኖሮ 10ኛውን ሰው ከአህያው አስታርቀን እናሻግረው ነበር። ልጁ ሲያሻግር የዋለው ደስ ብሎት እንደሆነ ጠየቅሁት። «በክረምትስ?» አለኝ፤ ጥያቄዬን በጥያቄ። ክረምት ላይ ግንድና ድንጋይ እየነዳ በሚመጣ ጎርፍ ላይ ሰው ጭኖ መግባት ነፍስ ማጥፋት ነው፤ እሱም ያውቀዋል። የሚነፋ ታንኳ በረጋ ውሃ ላይ ሰው ያሻግራል፤ በሰለጠነ ሰው እጅ ደግሞ በነጭ ውሃ ላይ ይወርዳል። የቆላ ሰው የሚቸገርበትን የክረምት ወንዝ ግን አይችለውም። ለእሱ ድልድይ ነው፤ ጋሼ ማታ እንዳሉት።

ሰላ ድንጋይ ተመልሰን ጎሚስታው ጋ ወሰድነው። ጎሚስታችን ጎበዝ ነው፤ የከባድ መኪና ጎማ በመዶሻ ሲፈታ ብታዩት። ታንኳውን ነፍቶ ውሃ ገንዳ ውስጥ እየጠመቀ ቡልቅ ቡልቅ የሚለውን ቦታ አገኘ፣ በጠመኔ ከበበው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፣ ማስቲሽ ቀብቶ ላስቲክ ለጠፈበት። «የሚለቅ ከሆነ ሙያዬን እተዋለሁ» አለ። በሦስተኛው ቀን ለቀቀ። ሙያውን አልተወም። ጥፋቱም የእሱ አይደለም፤ የዚህ ታንኳ ሸራ ፒቪሲ ነው፣ የመኪና ጎማ ማስቲሽ ፒቪሲን አይይዝም። የራሱ ሙጫ አለው። ከታንኳው ጋር የመጣችው ትንሿ ቱቦ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ደርቃ ነው የተገኘችው። ልጁ ወደ መጣበት ከተመለሰ ወር አልፎታል። ታንኳው ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ነው፤ አይጥ እንዳይነካው እህቴ በየሳምንቱ እየወጣች ታየዋለች። ያቺ ያሻገራት እናት ደግሞ ገበያ ላይ አግኝታኝ «ያ ልጅ መቼ ይወርዳል?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች።

ስለዚህ እናንተ ይህን የምትሰሙ፣ ከአዲስ አበባም ሆነ ከባሕር ማዶ ወደ እኛ የሚመጣ ካላችሁ፣ አንድ ቱቦ የፒቪሲ ሙጫና የመዳፍ ስፋት ያለው ልጣፍ ያዙልን። ማስቲሽ አታምጡ፣ እሱማ ሞልቶናል። ከደብረ ብርሃን ተሳፍራችሁ ሰላ ድንጋይ ስትወርዱ «የታንኳው ቤት» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያገኛችሁት ልጅ ሁሉ ያሳያችኋል።